«መጫወቻ ቦታ ነው» ብላችሁ አትውሰዷት

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። የ4 ዓመት ሴት ልጅ አለችኝ። ሐኪም ጋ ስንሄድ ገና በሩ ላይ እግሬን ጥምጥም አድርጋ ይዛ ትጮሃለች። ባለፈው ለክትባት ስንወስዳት «መጫወቻ ቦታ ነው የምንሄደው» ብለናት ነበር፣ በኋላ ሦስት ሰው ይዟት ነው የተወጋችው። አሁን ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው ካየች፣ ፀጉር አስተካካይም ቢሆን፣ ለቅሶ ነው። በቅርቡ ለጆሮዋ ቀጠሮ አለን። ባለቤቴ «ከነገርናት አትሄድም፣ ዝም ብለን እንውሰዳት» ይላል። እኔ መወሰን አቃተኝ። ምን ትመክሩናላችሁ?

መልስ፦ እህቴ፣ ንገሪያት። የባለቤትሽ ስጋት ይገባኛል፤ ለቅሶው ከቤት ሊጀምር ይችላል። ግን ልጅሽ የምትፈራው መርፌውን ብቻ አይመስለኝም። ጨዋታ ተብላ ሄዳ መርፌ ጠበቃት፣ በዚያ ላይ እጅና እግሯን ተያዘች። እኔም ብሆን በሩን ሳይ እጮሃለሁ።

መቼ ትንገሪያት? ከሳምንት በፊት አይሁን። ቀን መቁጠር የማትችል ልጅ «የሚቀጥለው ሳምንት» ሲሏት በየማለዳው ዛሬ ነው እያለች ትጨነቃለች። አንድ ቀን ሲቀረው ይበቃል፣ ያውም ልትተኛ ስትል ሳይሆን በቀን። የምታየውንና የሚሰማትን ብቻ ንገሪያት፦ «ነገ ሐኪም ጋ እንሄዳለን። መብራት ባላት ትንሽ መሣሪያ ጆሮሽን ያይልሻል። ሊኮረኩርሽ ይችላል። እኔ አጠገብሽ ነኝ። ከዚያ ወደ ቤት እንመለሳለን።» በቃ። መርፌ ይኖር እንደሆነ አስቀድመሽ ደውለሽ ጠይቂ። ካለ «አዎ አለ፣ ትንሽ ያማል፣ ቶሎ ያልፋል» በያት። እርግጠኛ ካልሆንሽም «አላውቅም፣ አብረን እንጠይቃለን» ማለት ይቻላል። «ምንም አያምም» የሚለውን ግን ተይው፤ አንዴ ካመማት በሌላ ጊዜ እውነቱን ብትነግሪያትም አታምንሽም።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ እንዳትቀየሚኝ። ቤት ውስጥ «ካልበላሽ ሐኪም ይወጋሻል» የሚላት ሰው አለ? አያት፣ ሞግዚት፣ ታላቅ ወንድም? ዓመቱን ሙሉ ስናስፈራራበት የከረምነውን ሰው በቀጠሮው ቀን «እሱ እኮ ጥሩ ሰው ነው» ብንላት እንዴት ትመነን? በዚያ ላይ በዚህ ዕድሜ ያሉ ልጆች ሕመምንና ሕክምናን የጥፋታቸው ቅጣት አድርገው ሊወስዱት ይችላሉ። ስለዚህ «አጥፍተሽ አይደለም፣ ጆሮሽ እንዲሻልሽ ነው» ብለሽ በግልጽ ንገሪያት። ለእኛ የታወቀ ነገር ለእሷ የታወቀ አይደለም።

ከዚያ ተጫወቱ። አሻንጉሊቷ ትታመም፣ ልጅሽ ሐኪም ትሁን። ውድ የመጫወቻ ዕቃ አያስፈልግም፣ ማንኪያም ማዳመጫ ይሆናል። አንቺም ታማሚ ሁኚና ጆሮሽን ትይልሽ። ደግሞ ልብ ብለሽ ተመልከቻት፤ አሻንጉሊቷን ጨምቃ ይዛ ደጋግማ ከወጋቻት፣ በአፏ ያልተናገረችውን እያሳየችሽ ሊሆን ይችላል፣ አትከልክያት። «ፈራች እንዴ? ማን ይቀፋት?» ብለሽ ብቻ ጠይቂያት። ብዙ ወሬ የሚወጣው እዚህ ላይ ነው።

በዕለቱ ጭንሽ ላይ ቀጥ ብላ ትቀመጥ። ሕፃን ልጅ በጀርባው ተንጋሎ ሲያዝ ይበልጥ ይፈራል። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2015 የክትባት ሕመምን ስለመቀነስ ባወጣው ምክር፣ ሕፃናት ታቅፈው፣ ከፍ ያሉት ደግሞ ተቀምጠው እንዲከተቡ፣ ወላጅም አብሯቸው እንዲሆን ይላል። ምርጫ ስጫት፣ ግን የምር ምርጫ ይሁን። «የትኛው ጆሮ ይቅደም?» ጥሩ ነው። «እንግባ?» ብለሽ ከጠየቅሽ ግን «አይሆንም» ስትል ምን ልትይ ነው? መርፌ ካለ የሳሙና አረፋ እየነፋች ብትወጋ ይረዳታል፤ ረጅም ትንፋሽ ስታወጣ ሰውነቷ ዘና ይላል፣ ሐሳቧም ወደ አረፋው ይሄዳል። የሚቀባ ማደንዘዣም አለ። እሱ እስኪሠራ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ስለሚፈልግ ቀደም ብለሽ ሐኪሙን አማክሪ።

ብታለቅስ ታልቅስ። «ጎበዝ ልጅ አታለቅስም» አትበሏት። «ማልቀስ ትችያለሽ፣ እጅሽን ብቻ አታንቀሳቅሺ» ብትያት ግን የምትሠራው ሥራ ታገኛለች። ሽልማትም ከሆነ ትንሽ ነገር፣ ከጨረሰች በኋላ። ትልቅ ስጦታ አስቀድሞ ከተነገራት «ይሄን ሁሉ የሚሰጡኝ ምን ሊያደርጉኝ ነው?» ብትል አይፈረድባትም።

አሁንም ሰብሰብ ብለው ሊይዟት ካሉና ምርመራው የማያስቸኩል ከሆነ፣ «ትንሽ ትረጋጋና እንሞክር» ለማለት አትፈሪ። ያልተቻለ እንደሆነ ሌላ ቀን መመለስም አለ። ፍርሃቱ እንቅልፍ የሚነሳት ወይም የሚያስፈልጋትን ሕክምና የሚያስቀርባት ከሆነ ግን የሕፃናት ሥነ ልቦና ባለሙያ ያስፈልጋችኋል።

ጥያቄ፦ ወንድ ልጃችን 14 ወሩ ነው። ሐኪሙ ገና ሲጠጋው ያለቅሳል፣ ልቡን እንኳ ማዳመጥ አልተቻለም። ለዚህ ትንሽ ልጅ ምን ብለን እንንገረው? (አባት)

መልስ፦ ወንድሜ፣ በዚህ ዕድሜ ብዙ የሚነገር ነገር የለም። ልጆች ከ8 ወር ገደማ ጀምሮ ባይተዋር ሰው ይፈራሉ፤ የዕድገታቸው አንዱ ክፍል ነው። ሐኪሙ መጀመሪያ ራቅ ብሎ ከአንተ ጋር ትንሽ ያውራ፣ ከዚያ እዚያው ጭንህ ላይ እንዳለ ይመርምረው። ልብና ሳንባው ገና ሳያለቅስ ይደመጥ፣ ጆሮና ጉሮሮው መጨረሻ ላይ ይታይ። እናቱ አሁንም የምታጠባው ከሆነ ሲከተብ ጡት ላይ ይሁን፣ ሕመሙን ይቀንስለታል። ቀጠሮውን ደግሞ ከቻላችሁ በእንቅልፉ ሰዓት አታድርጉት።