እየተጠራጠርኩ የምጸልየው ጸሎት ይሰማልን?

ጥያቄ፦ እናቴ ከአንድ ዓመት ተኩል ወዲህ በሳምንት ሁለት ጊዜ የኩላሊት እጥበት ታደርጋለች። ሌሊት እየተነሣሁ እጸልይላታለሁ፤ ነገር ግን «ጌታ ሆይ፣ ፈውሳት» ባልኩ ቁጥር ውስጤ «ባትድንስ?» ይለኛል። ቤታችን እየመጡ አብረውን የሚጸልዩ ወዳጆች ማርቆስ 11፥24ን እየጠቀሱ «እንደ ተቀበልሽ ካላመንሽ አትቀበዪም፤ ‹ፈቃድህ ይሁን› የምትዪውም ለጥርጣሬሽ ማምለጫ ፈልገሽ ነው» ይሉኛል። ባለፈው ሳምንት ደግሞ አንዱ «እምነታችሁን በተግባር ለማሳየት እጥበቱን ለጥቂት ጊዜ አቁሙ» አለን። እናቴ ያልዳነችው በእኔ አለማመን ይሆን? በሙሉ ልብ መጸለይ የምችለውስ እንዴት ነው?
ስሜ ይቆይ፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ ውድ እኅታችን፣ ሌላው ሁሉ ይቆየንና ከመጨረሻው ነገር እንጀምር፤ የእናትዎን እጥበት አታቋርጡ። ኩላሊቱ ሥራውን ባቆመ ሰው ደም ውስጥ ትርፍ ውኃና ፖታሲየም ሲጠራቀሙ በጥቂት ቀናት ውስጥ ልብን እስከ ማቆም ሊደርሱ ስለሚችሉ፣ ሐኪም ሳያዝ አንድ ቀጠሮ መዝለል እንኳ አደገኛ ነው። ነቢዩ ኢሳይያስ፣ ንጉሡ ሕዝቅያስ እንደሚድን ከእግዚአብሔር ቃል ከመጣለት በኋላ እንኳ የበለስ ጥፍጥፍ በእባጩ ላይ እንዲደረግለት አዝዟል (ኢሳ. 38፥21)። ጳውሎስም ሉቃስን «የተወደደው ባለ መድኃኒት» ብሎ ሲጠራው ሙያውን እንደ እምነት ጉድለት አልቆጠረበትም። ይህን ምክር የሰጧችሁ ሰው በቅንነት ተናግረው ይሆናል፤ ነገር ግን በሌላ ሰው ሕይወት እምነትን መፈተን ለማንም አልተፈቀደም።

ወደ ጥርጣሬዎ ስንመለስ፣ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 12 በዮሐንስ ማርቆስ እናት በማርያም ቤት ተሰብስበው ያደሩትን ሰዎች እንዲመለከቱ እንጋብዝዎታለን። ሄሮድስ የሐዋርያው ዮሐንስን ወንድም ያዕቆብን በሰይፍ አስገድሏል፤ ጴጥሮስንም ይዞ አራት አራት ሆነው በየተራ ለሚጠብቁት ለዐሥራ ስድስት ወታደሮች አስረክቦታል። ምእመናኑ አጥብቀው ሲጸልዩለት፣ ጴጥሮስ በሁለት ሰንሰለት ታስሮ በሁለት ወታደሮች መካከል ተኝቶ ሳለ መልአክ ጎኑን መትቶ ቀሰቀሰውና አወጣው። መጥቶም ደጁን አንኳኳ። ሮዴ የምትባለው ገረድ ድምፁን ለይታ፣ ደስታዋ በዝቶ በሩን እንኳ ሳትከፍት ወደ ውስጥ ሮጠች። ስለ ጴጥሮስ ሲጸልዩ ያመሹት ሰዎች ግን «አብደሻል» አሏት፤ አጥብቃ ብትነግራቸው «መልአኩ ነው» አሉ። የጸሎታቸው መልስ ውጭ ቆሞ ያንኳኳል፤ እነርሱ ውስጥ ሆነው መልስ መምጣቱን አላመኑም።

በእነዚህ ሰዎች ልብ «እንደ ተቀበልን እናውቃለን» የሚያሰኝ እርግጠኝነት እንዳልነበረ ከአፋቸው ሰምተናል። የያዕቆብም ሐዘን ገና ትኩስ ነበርና ማን ይፈርድባቸዋል? ሆኖም ጸሎታቸው ተሰማ፤ ጴጥሮስም «አላመናችሁምና ወደ ወኅኒው እመለሳለሁ» አላላቸውም። እዚህ ላይ ብዙ ሰባክያን በዝምታ የሚያልፉት ነገር አለ፤ ያው ሄሮድስ በያዛቸው ጊዜ ጴጥሮስ ተፈታ፣ ያዕቆብ ግን ተገደለ፤ የሐዋርያት ሥራን የጻፈው ሉቃስም የያዕቆብ ወዳጆች እምነት አንሷቸው ነበር የሚል አንዲት ቃል አልጻፈም። ስለዚህ የእናትዎን ሕመም ርዝመት በእርስዎ እምነት መጠን ለመለካት የሚነሣ ሰው መጽሐፉ ያልሰጠውን ሚዛን ይዟል።

ወዳጆችዎ የጠቀሱትን ማርቆስ 11፥24ን ልናቃልለው አንፈልግም፤ የጌታ ቃል ነውና። ነገር ግን ሁለት ቁጥር ከፍ ብለው ቢያነቡ «በእግዚአብሔር እመኑ» ይላል፤ የሚታመነው እርሱ ነው እንጂ የእኛ ልብ ጽናት አይደለም። ይህን ቃል የተናገረው ጌታ ራሱ በዚያው ወንጌል ምዕራፍ 14 ላይ በጌቴሴማኒ «ሁሉ ይቻልሃል፤ ይህን ጽዋ ከእኔ ውሰድ» ብሎ ከለመነ በኋላ «ነገር ግን አንተ የምትወደው እንጂ እኔ የምወደው አይሁን» ብሏል። «ፈቃድህ ይሁን» ማለት የጥርጣሬ ማምለጫ ከሆነ፣ ይህን ነቀፋ በቅድሚያ የሚሸከመው ማን እንደሆነ ወዳጆችዎ ቢያስቡበት መልካም ነው። ልብ ይበሉ፤ ጌታ ልመናውን አላለሰለሰም፤ የሚፈልገውን በግልጽ ጠየቀ፣ ከዚያም ለአባቱ ተወለት። እርስዎም «ፈውሳት» ሲሉ ቃሉን አይዋጡት።

የያዕቆብ መልእክት «ያለ ጥርጥር በእምነት ይለምን» ማለቱም ያስጨንቅዎት ይሆናል። ያዕቆብ በባሕር ማዕበል የመሰለው ግን ሁለት አሳብ ያለውን፣ ልቡን ለእግዚአብሔርና ለሌላ ነገር ከፍሎ ያኖረውን ሰው ነው (1፥6-8)። ሌሊት ከእንቅልፍዋ ተነሥታ የምታለቅስ ልጅ ሁለት ልብ አላት ለማለት ይከብደናል። እንዲያውም «አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው» ያለው የብላቴናው አባት (ማር. 9፥24) እምነቱንና አለማመኑን በአንድ ትንፋሽ ነው ያቀረበው፤ ልጁም ተፈወሰ።

«በሙሉ ልብ የምጸልየው እንዴት ነው?» ላሉት አንድ የቃል ነገር እናንሣ። በ1954 ዓ.ም. የታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ በ1ኛ ዮሐንስ 5፥14 «በእርሱ ዘንድ ያለን ድፍረት ይህ ነው» ይላል፤ ወደ ጸጋው ዙፋን እንድንቀርብ በሚጠራን በዕብራውያን 4፥16ም በግሪኩ ያለው ቃል ያው ነው። ቃሉ ፓሬሲያ ሲሆን ሥሩ «ሁሉን መናገር» ማለት ነው። በእኛ ቤት ልጅ በታላላቆቹ ፊት አፍ ሲያበዛ «ደፋር» ተብሎ ይቆጣል፤ በአብ ፊት ግን የተሰጠን ይህ ድፍረት ነው፤ የልባችንን ሳንደብቅ የመናገር መብት። ስለዚህ «ባትድንስ?» የሚለው ሐሳብ ሲመጣብዎ ከጸሎትዎ ሊያባርሩት አይታገሉ፤ ራሱን ጸሎት ያድርጉት። «ጌታ ሆይ፣ እንዳትሞትብኝ ፈርቻለሁ፤ ብቻዬን እንዳልቀር ፈርቻለሁ» ይበሉት። መዝሙረኛው «አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ?» ብሎ ሲጀምር ማንም እምነት የለህም አላለውም። ልጅ አጥታ ታዝን የነበረችው ሐናም በሴሎ ከንፈሯ ብቻ እየተንቀሳቀሰ ስትጸልይ ካህኑ ኤሊ እንደ ሰከረች ቆጠራት፤ እርስዋ ግን ነፍሷን አፍስሳ ስትነሣ፣ ልጁ ገና ሳይፀነስ ፊቷ እንደ ቀድሞው ሐዘንተኛ መሆኑ ቀረ (1 ሳሙ. 1፥18)።

ቃሉም ራሱ ይመሰክራል፤ በጸሎታችን መጨረሻ የምንለው «አሜን» እና «አመነ» ከአንድ ሥር የወጡ ናቸው፤ ግእዙም እውነትን «አማን» ይላል። አሜን ስንል በእርሱ እውነተኛነት ላይ እንደገፋለን እንጂ ልባችን አልተናወጠም ብለን አንምልም።

ጥያቄ፦ አንድን ልመና ደጋግሞ ማቅረብ አለማመን ነውን? አንዴ ጠይቆ ማመስገን ይበቃል የሚል ትምህርት ሰምቻለሁ።
የዘወትር አንባቢያችሁ፣ ከአዳማ

መልስ፦ አይደለም። በማቴዎስ 26፥44 ጌታ «ያንኑ ቃል» ደግሞ ሦስተኛ እንደ ጸለየ ተጽፏል፤ ጳውሎስም ስለ ሥጋው መውጊያ ሦስት ጊዜ ለምኖ ያገኘው መልስ «ጸጋዬ ይበቃሃል» የሚል ነበር። ጌታ የከለከለው እንደ አሕዛብ በነገር ብዛት የሚሰማ መስሎ በከንቱ መደጋገምን ነው። በቤተ ክርስቲያናችን «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» 41 ጊዜ ስንል ቆጥረን የምናስረክበው ዕዳ አድርገነው ከሆነ ነቀፌታው ይደርሰናል፤ ዳኛውን ሳትሰለች እንደ ለመነችው ባልቴት የጌታን ደጅ ለማንኳኳት ከሆነ ግን ስለ እርስዋ የነገረን ጌታ ራሱ ነው (ሉቃ. 18፥1-8)።