ለነዳጅ ማደያ ባለቤቶች፦ የአሜሪካ መንግሥት የፈጣን ቻርጀር ድጎማ፣ ጥያቄና መልስ

ኔቪ የሚባለው ፕሮግራም በ2021 የወጣው የመሠረተ ልማት ሕግ በዋና ዋና አውራ ጎዳናዎች ዳር ለሚተከሉ ፈጣን የኤሌክትሪክ መኪና ቻርጀሮች የመደበው 5 ቢሊዮን ዶላር ነው። ገንዘቡ በየስቴቱ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት በኩል በውድድር ይሰጣል። ቀኖቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ አስተዳደሩ ሲቀየር ቆሟል ተብሎ ነበር። ማመልከት ዋጋ አለው?

ሕጉ አልተሻረም። በፌብሩዋሪ 2025 የፌዴራሉ አውራ ጎዳና አስተዳደር የቆየውን መመሪያ ሰርዞ የስቴቶችን ዕቅድ አገደ። ስቴቶች ከሰሱ፤ በጁን ሲያትል ያለው ፍርድ ቤት ለ14 ስቴቶች ጊዜያዊ ትእዛዝ ሰጠ። በኦገስት 2025 አዲስ መመሪያ ወጣ፤ በየ50 ማይሉ አንድ ጣቢያ ይኑር የሚለው ጥብቅ ግዴታ ላላ፣ ቦታ የመምረጡ ሥልጣንም በብዛት ለስቴቶች ተተወ። ስለዚህ ጎረቤትዎ ሜሪላንድ ላይ የሞላውን ቅጽ ተውሰው ቨርጂንያ አያስገቡ። የራስዎን ስቴት የቅርብ ጊዜ የማመልከቻ ዙር ሰነድ ያውርዱ።

ጥያቄ፦ 80 በመቶውን መንግሥት ይከፍላል ይላሉ። ቼኩ መቼ ነው የሚመጣው?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቅድሚያ ክፍያ አይደለም፤ መጀመሪያ እርስዎ ያወጣሉ፣ ደረሰኝ ያቀርባሉ፣ ከዚያ ይመለስልዎታል። ፕሮጀክቱ 1 ሚሊዮን ዶላር ከሆነ የእርስዎ ድርሻ 200 ሺህ ነው፤ ሥራው እየሄደ ሳለ ግን ከዚያ እጅግ የሚበልጥ ገንዘብ ከኪስዎ ወይም ከባንክ መውጣት አለበት። የባንክ ብድር መስመር ሳይኖር መፈረም አደገኛ ነው። 20 በመቶው ከሌላ የፌዴራል ገንዘብ ሊመጣ አይችልም።

ሌላው ወጥመድ፦ ስቴቱ «ሥራ ጀምር» የሚል ፈቃድ በጽሑፍ ሳይሰጥ ያወጡት ወጪ አይመለስም። ቻርጀሩ ቅናሽ ላይ ነው ብለው ቀድመው ካዘዙ ሙሉ ዋጋው የራስዎ ነው።

ጥያቄ፦ ማደያዬ 400 አምፕ አለው። ይበቃል?

አይበቃም። የኔቪ መለኪያ በአንድ ጊዜ እያንዳንዳቸው 150 ኪሎዋት የሚሰጡ አራት መሰኪያዎች ነው፤ በድምሩ 600 ኪሎዋት። ቻርጀሩ ራሱ የሚያባክነውን ሲጨምሩ ወደ 640 ይጠጋል። በ480 ቮልት ሦስት ፌዝ ሲሰላ 770 አምፕ አካባቢ ነው። የኤሌክትሪክ ኮዱ የመኪና ቻርጅን እንደማያቋርጥ ጭነት ስለሚቆጥር በ1.25 ሲባዛ 960 አምፕ ይደርሳል። ስለዚህ ከማደያው የተለየ፣ ቢያንስ 1,000 አምፕ የሆነ አዲስ መስመር ያስፈልግዎታል።

ከማመልከቻው በፊት መብራት ኃይሉን «በዚህ አድራሻ ይህን ያህል ኃይል አለ ወይ?» ብለው በጽሑፍ ይጠይቁ። ትራንስፎርመር ወረፋው ረጅም ነው፤ ቻርጀሩ ደርሶ ኮንክሪቱ ደርቆ መብራት የሚጠብቅ ጣቢያ ሞልቷል። ቻርጀሮቹንም ከትራንስፎርመሩ አጠገብ ያስቀምጡ። ወደ ግቢው ሌላ ጫፍ ከወሰዷቸው አስፋልት መቁረጡና ወፍራሙ ገመድ በጀቱን ይበላዋል።

ጥያቄ፦ ደንበኛ ሳይኖር የመብራት ሂሳቡ ለምን ይቆለላል?

ዲማንድ ቻርጅ ስለሚባለው ነው። የንግድ ታሪፍ የተጠቀሙትን ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ሳይሆን በወሩ ውስጥ ከፍተኛ ኃይል የሳቡበትንም ደቂቃ ያስከፍላል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚለካው በ15 ደቂቃ ነው። ለምሳሌ በኪሎዋት 12 ዶላር ቢሆንና ሁለት መኪኖች አንድ ጊዜ ተገጣጥመው 300 ኪሎዋት ቢስቡ፣ 3,600 ዶላር መጣ ማለት ነው። በዚያ ወር የሸጡት 6,000 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ከሆነ በእያንዳንዱ ላይ 60 ሳንቲም ተጨመረ፤ የኃይሉ ዋጋ ገና አልተነካም። ብዙ መብራት ኃይሎች ለቻርጀር የተለየ ታሪፍ አላቸው፤ ካልጠየቁ ግን ማንም አይነግርዎትም። በእኔ ግምት ትንንሽ ጣቢያዎችን የሚጥለው የግንባታው ወጪ ሳይሆን ይህ ነው።

ጥያቄ፦ ቻርጀሩ 97 በመቶውን ጊዜ መሥራት አለበት የሚለው ይከብዳል?

ለእያንዳንዱ መሰኪያ በዓመት ወደ 263 ሰዓት ወይም 11 ቀን ብልሽት ይፈቀዳል ማለት ነው። የመብራት መቋረጥ፣ በመኪናው ጥፋት የመጣ ችግር፣ ሆን ተብሎ የደረሰ ጉዳት፣ የተፈጥሮ አደጋና የታቀደ ጥገና አይቆጠሩም፤ ግን መዝግበው ማስረዳት አለብዎት። አንድ ካርድ አንባቢ ወይም የተበጠሰ ገመድ መለዋወጫ ከተጠበቀ 11 ቀን በቀላሉ ያልፋል። የጥገና ውሉ ላይ «ቴክኒሻን በስንት ሰዓት ይደርሳል? መለዋወጫው የት ተቀምጧል?» የሚለውን ያስጽፉ። ግዴታው 5 ዓመት ነው፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ የጥገና ወጪም ለድጎማው ብቁ ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ ርካሽ የቻይና ቻርጀር ብገዛስ?

በኔቪ ገንዘብ አይሆንም። መገጣጠሙ አሜሪካ ውስጥ መሆን አለበት፤ ከጁላይ 2024 ጀምሮ ደግሞ ከክፍሎቹ ዋጋ ቢያንስ 55 በመቶው የአሜሪካ ምርት እንዲሆን ተደንግጓል። የአምራቹን የምስክር ወረቀት ሳይዙ፣ ደንቡም ከዚህ የባሰ ጥብቅ እንዳልሆነ ሳያረጋግጡ አይዘዙ።

ጥያቄ፦ ከድጎማው ሌላ የታክስ ቅናሽ አለ?

30ሲ የሚባለው አለ፤ ዝቅተኛ ገቢ ባለበት ወይም ከከተማ ውጭ በሆነ አካባቢ ብቻ ይሠራል። የ2025ቱ የታክስ ሕግ ግን ከጁን 30፣ 2026 በኋላ ሥራ ለጀመረ መሣሪያ ዘግቶታል።

ጥያቄ፦ እዚህ የተነሱ አሮጌ ቻርጀሮች ገዝቼ አዲስ አበባ ብተክላቸውስ?

አልመክርም። የአሜሪካው ፈጣን ቻርጀር የሚሠራው በ480 ቮልትና በ60 ኸርዝ ነው፤ አገር ቤት 380 ወይም 400 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ለእሱ ትራንስፎርመር ቢፈለግለት እንኳ የባሰው ችግር መሰኪያው ነው። የአሜሪካው ሲሲኤስ 1 የሚባለው ወይም የቴስላ ዓይነት ሲሆን፣ አዲስ አበባ ከቻይና የገቡት መኪኖች በብዛት ጂቢቲ የሚባለው የቻይና መሰኪያ ያላቸው ናቸው። ቻርጀሩና መኪናው የሚነጋገሩበት መንገድም ይለያያል፤ ገመድ መቀየር ብቻውን አይፈታውም። በድጎማ የተተከለ ከሆነ ደግሞ 5 ዓመቱ ሳያልቅ ከቦታው አይነሳም።