ማሳ ላይ ባትሪ መትከል

ጥያቄ፦ የኤሌክትሪክ ማከማቻ ባትሪ የሚተከልበት የመሬት ሕግ ከቦታ ቦታ ይለያያልን? በጤፍ ማሳዬ ላይ እንዲተከል መፍቀድስ እችላለሁን? (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ አዎን፣ ይለያያል። በእንግሊዝ ከ2020 እ.ኤ.አ. ማብቂያ ጀምሮ ከ50 ሜጋዋት የሚበልጠውንም ማከማቻ በመሠረቱ የአካባቢው አስተዳደር ሲፈቅድ፣ በስኮትላንድ ግን ከዚያ በላይ የሆነው ለስኮትላንድ ሚኒስትሮች ይቀርባል።

በእኛም አገር፣ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 52 መሬትን የማስተዳደሩን ሥልጣን፣ የፌዴራሉን ሕግ እየተከተሉ እንዲሠሩበት፣ ለክልሎች ስለ ሰጠ፣ ከጎጃም ዓባይን ተሻግረው ኦሮሚያ ሲገቡ የሚጠይቁት መሥሪያ ቤትም ሌላ ነው።

ማሳዎን በተመለከተ፣ አንቀጽ 40 መሬት እንዳይሸጥ ስለሚከለክል በእጅዎ ያለው የመጠቀም መብት ነው፤ የእርሻ መሬትን ለሌላ አገልግሎት ማዋል ደግሞ የሚመለከተውን አካል ፈቃድ ይጠይቃል። ማሳው ለም ከሆነ (የጎጃም ጤፍ ማሳ ብዙውን ጊዜ ነውና) እኔ ጭንጫውን መሬት እመርጥ ነበር።