«ልጄ ቆርኪ ይደረድራል»

ጥያቄ፦ የሰባት ዓመት ልጄ ኦቲዝም አለበት ተብሏል። አይናገርም። ቀኑን ሙሉ የለስላሳ ቆርኪ በቀለም እየለየ ይደረድራል፤ ስነጥቀው ይጮኻል። ተመራማሪዎች መድኃኒቱን እስኪያገኙ ምን ላድርግ? (እናት፣ ከጎፋ)

መልስ፦ እህቴ፣ ቆርኪውን አይንጠቁት። ኦቲዝምን የሚያጠፋ መድኃኒት የለም፤ ለልጅዎ የሚሆነው እርዳታ ግን ዛሬውኑ ሊጀመር ይችላል።

ምርምሩ ራሱ ብዙ ተሳስቷል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ጥፋቱን በእናት ላይ የሚያላክኩ ነበሩ። ይህ ፈጽሞ ሐሰት ነው፤ ጎረቤት እንዲህ ቢልዎት አይስሙ! ከዚያም በኋላ የሚጠየቀው ልጁ ምን እንደጎደለው ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 ግን ራሱ ኦቲዝም ያለበት እንግሊዛዊው ምሁር ዴሚያን ሚልተን፣ ኦቲዝም ባለበትና በሌለበት ሰው መካከል ያለው አለመግባባት የሁለቱም ወገን ነው ብሎ ተከራከረ። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ የኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ ጥናትም ይህን ደገፈ፦ ተሳታፊዎቹ አንድ ታሪክ እየተቀባበሉ ሲነግሩ፣ ኦቲዝም ያለባቸው እርስ በርሳቸው እንደሌሎቹ እኩል ተግባቡ፤ ታሪኩ ይበልጥ የተንጠባጠበው ሁለቱ ወገኖች ሲደባለቁ ነው። ጥናቱ በሚናገሩ አዋቂዎች ላይ ስለሆነ ለልጅዎ እንዳለ አይገለበጥም። እኔ ግን በልዩ ፍላጎት መምህርነቴ አምንበታለሁ።

ስለዚህ አጠገቡ ቁጭ ይበሉ። ቀይ ሲደረድር አንድ ቀይ ያቀብሉትና ዝም ብለው ይጠብቁ። ቀና ብሎ ካየዎት ሌላ ይጨምሩ። ውኃና እንጀራ በሥዕል እያሳዩ እንዲመርጥ ያድርጉት። ጆሮውንም ያስመርምሩ። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ አዲስ አበባ ውስጥ የመሠረቱትን የጆይ ኦቲዝም ማዕከልም ሄደው ያነጋግሩ።