ከኮንቬንሽን የወጣ ዩኒቨርሲቲ ከእምነት ወጥቷል ማለት ነው?

ጥያቄ፦ ልጄን አሜሪካ ናሽቪል የሚገኘው ቤልሞንት ዩኒቨርሲቲ ተቀብሏታል። አንድ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ግን «ድሮ የባፕቲስት ነበር፣ አሁን ክዷል» አሉኝ። ልከልክላት?

መልስ፦ እህታችን፣ «ክዷል» ከባድ ቃል ነው። ባፕቲስቶች ጳጳስም የበላይ ሲኖዶስም የላቸውም። አጥቢያው ራሱን ያስተዳድራል፤ ኮንቬንሽን የሚባለው አጥቢያዎች ለወንጌል ሥራና ለትምህርት ቤቶች የሚያዋጡበት ኅብረት ነው። ከእሱ መለየት ከክርስቶስ መለየት አይደለም።

ቤልሞንትን ከቴነሲ ባፕቲስት ኮንቬንሽን ጋር ያጣላውም የቦርድ ወንበር ነው። ዩኒቨርሲቲውን በበላይነት የሚመራውን የባለአደራ ቦርድ አባላት የሚመርጠው ኮንቬንሽኑ ነበር፤ ዩኒቨርሲቲው ደግሞ ባፕቲስት ያልሆኑ ክርስቲያኖችም ይግቡ አለ። ፍርድ ቤት ደርሰው በ2007 እ.ኤ.አ. ታረቁ፦ ዩኒቨርሲቲው ለኮንቬንሽኑ 1 ሚሊዮን ዶላር በቅድሚያ፣ ከዚያ በየዓመቱ 250 ሺህ ለ40 ዓመት፣ በድምሩ 11 ሚሊዮን ሊከፍል። ልጅዎ ተመርቃም ክፍያው አያልቅም! በ2021 ለፕሬዚዳንትነት የተሾሙት ግሬግ ጆንስም የሜቶዲስት ቄስ ናቸው።

በሌላ በኩል እዚያው አሜሪካ ያለውን ብራውን ዩኒቨርሲቲን ይመልከቱ። የ1764 ቻርተሩ (የመመሥረቻ ሰነዱ) ከ36 ባለአደራዎች 22ቱ፣ ፕሬዚዳንቱም ጭምር፣ ባፕቲስት ይሁኑ ይል ነበር። ዛሬ ከየትኛውም ቤተ እምነት ጋር አልተያያዘም። ኮታ እምነትን አላቆየም።

ስለዚህ ስሙን ትተው አደራው በማን እጅ እንዳለ ይጠይቁ፤ ጳውሎስም ጢሞቴዎስን «ለታመኑ ሰዎች አደራ ስጥ» ነው ያለው (2ጢሞ. 2፥2)። የቦርድ አባል ለመሆን ምን እምነት እንደሚጠየቅ የመተዳደሪያ ደንቡን ያሳዩኝ ይበሉ። ከዚያ መምህር ሲቀጠር ስለ እምነቱ ይጠየቅ እንደሆነ ይጠይቁ፤ ለእኔ ከሁሉ የሚበልጠው ይሄኛው ነው። ብዙ ወላጅ የሚሳሳተው የጸሎት ቤቱን አይቶ ስለሚረካ ነው። የጸሎት ፕሮግራም የመምህራን አቀጣጠር ከተለወጠ በኋላም ለዓመታት ሊቀጥል ይችላል፤ ልጅዎ በሳምንት ብዙ ሰዓት የምትቀመጠው ግን መምህሩ ፊት ነው።

መልሱ ካላሳፈረዎት አይከልክሏት። ብቻ ሳትሄድ ከአጥቢያዋ የአባልነት ደብዳቤ ታውጣ፣ እዚያ የምትካፈልበትን ቤተ ክርስቲያን አስቀድማ ትምረጥ። መኪና ከሌላት ደግሞ እሁድ ጠዋት ማን እንደሚያደርሳት ትምህርት ሳይጀመር ይወቁ።