በፋሽን የሕዝብ ግንኙነት ለመጀመር ያሰብሽው እህቴ፣ ከመለጠፍሽ በፊት የእኔን ስሚ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በቅርቡ መመረቅሽን፣ በኢንስታግራም 4,000 ያህል ተከታዮች እንዳሉሽ፣ አሁን አንዲት ዲዛይነር ዘንድ ያለ ክፍያ እያገዝሽ መሆኑንና ከስፌት ክፍሏ አንሥተሽ የምትለጥፊያቸው ፎቶግራፎች ብዙ ላይክ እንደሚያገኙ ጽፈሽ፣ «ወደ ፋሽን የሕዝብ ግንኙነት ሥራ ለመግባት በየቀኑ ምን ልለጥፍ?» ብለሻል። ከእኔ በፊት የመለሱልሽ ሰዎች ስለ ሃሽታግ፣ ስለ ሪልስ ርዝመትና ተመልካች ስለሚበዛበት ሰዓት በሰፊው ስለጻፉ ወደዚያ አልመለስም። እኔን ያስደነገጠኝ ስለ ስፌት ክፍሉ የጻፍሽው ዐረፍተ ነገር ነው። በዚህ ሙያ 9 ዓመት ቆይቻለሁ፤ የመጀመሪያ ሥራዬን ግን ገና በ11ኛው ሳምንት ያሳጣኝ ራሴ አንሥቼ ራሴ የለጠፍኩት አንድ ፎቶግራፍ ነው።

የሕዝብ ግንኙነት ምን እንደሆነ አላስረዳሽም፤ ባታውቂው ኖሮ እንዲህ ያለ ጥያቄ አትጠይቂም ነበር። በቁጥር ከፋፍዬ ለመጻፍ እሞክራለሁ፤ መሥመሩን ከሳትኩ ከወዲሁ ይቅርታ።

1. የመጀመሪያው ዓመት ሥራሽ በአብዛኛው ልብስ ማስረከብና መረከብ ነው። ይህን ማንም ስላልነገረኝ በመጀመሪያው ቀን ባለ ረጅም ተረከዝ ጫማ አድርጌ ሄጄ ነበር። አንድ ስብስብ (ዲዛይነር በአንድ ጊዜ የሚያወጣቸው ልብሶች) ሲወጣ ከእያንዳንዱ ልብስ የሚኖረው ብዙውን ጊዜ አንድ ናሙና ብቻ ነው፤ እርሱም በሞዴል ልክ የተሰፋ ነው። ያ አንድ ናሙና ከአንዱ የመጽሔት ቀረጻ ወደ ሌላው፣ አንዳንዴም ከከተማ ወደ ከተማ ሲዞር ይከርማል። ስታይሊስቱ (ለቀረጻው ልብስ የሚመርጠው ባለሙያ) የትኛውን ልብስ፣ ለየትኛው መጽሔት፣ ለየትኛው ቀን እንደሚፈልግ በኢሜይል ይጠይቃል፤ አንቺ ትመዘግቢያለሽ፣ በእንፋሎት ትተኩሻለሽ፣ በልብስ ከረጢት ታሽጊያለሽ፣ ታስፈርሚያለሽ። ሲመለስ ደግሞ አንገትጌውን የፊት ሜካፕ እንዳልነካው፣ ዚፑ እንደሚሠራ፣ ቀበቶው አብሮ እንደመጣ መልእክተኛው ሳይሄድ ታረጋግጫለሽ። መልእክተኛው ከሄደ በኋላ የተገኘ እድፍ የአንቺ እድፍ ነው። በእነዚያ 11 ሳምንታት በእጄ ካለፉት ናሙናዎች አንድ ቁልፍ እንኳን አልጠፋም። ይህን የምጽፈው ለመኩራራት ነው፤ ሲያባርሩኝ ማንም አላነሣልኝምና።

2. ቃለ መጠይቅ ላይ የተከታዮችሽን ቁጥር አታስቀድሚ። ቀጣሪው ማወቅ የሚፈልገው ለሌላ ሰው ምን እንዳስገኘሽ ነው። የምታግዣት ዲዛይነር አዲስ ልብስ ስታወጣ፣ በፈቃዷ የአንድ ገጽ መግለጫ ጻፊላት፤ ጥራት ያላቸውን ሦስት ፎቶግራፎች ከፎቶግራፍ አንሺው ስም ጋር አዘጋጂ፤ ከዚያም ጽሑፋቸውን በእርግጥ ላነበብሽላቸው አምስት ጋዜጠኞች ለእያንዳንዳቸው ለየብቻ ጻፊ። አንዱ ብቻ ቢመልስልሽ ያ ኢሜይል ከ4,000 ተከታይ ይልቅ ይመሰክርልሻል። ውጤትሽን ስታቀርቢ ታዲያ «ይህ ገጽ በማስታወቂያ ቢገዛ ይህን ያህል ያወጣ ነበር» የሚለውን ስሌት ተዪው። የሙያው ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2010 በባርሴሎና በተስማሙባቸው መርሖዎች ላይ የማስታወቂያ ዋጋ የሕዝብ ግንኙነት መለኪያ አለመሆኑን በግልጽ አስፍረዋል። አሁንም የሚጠቀሙበት ቢሮዎች አሉ፤ እኔም ታዝዤ ሠርቼዋለሁ፤ ቃለ መጠይቅ ላይ ግን አንቺው ራስሽ አታንሺው።

3. የዜናው ጊዜ የማን እንደሆነ ሳታውቂ ምንም አትለጥፊ። ሥራ ስትጀምሪ ኢምባርጎና ኤክስክሉሲቭ የሚባሉ ሁለት ቃላት ትሰሚያለሽ። ኢምባርጎ ጋዜጠኛው መረጃውን ቀድሞ አግኝቶ እስከተባለው ቀንና ሰዓት ሳያወጣ ለመቆየት የሚስማማበት ነው፤ ኤክስክሉሲቭ ደግሞ ለአንድ መጽሔት «ቀድማችሁ የምታወጡት እናንተ ብቻ ናችሁ» ተብሎ የሚሰጥ ቃል ነው። በወረቀት የሚታተም ወርሃዊ መጽሔት ገጾቹን ከ3 ወይም ከ4 ወር አስቀድሞ ስለሚያሰናዳ፣ ያ ቃል ለወራት ሳይፈርስ መቆየት አለበት። ይኸው በአንድ አንቀጽ አለቀ። እኔ በተለማማጅነት የጀመርኩበት የሕዝብ ግንኙነት ቢሮ ግን ይህችን አንቀጽ ለመንገር ጊዜ አልነበረውም።

ቀኑ ሐሙስ ነበር። ሁሉም ሄደው ናሙናዎቹ በሚቀመጡበት ሾውሩም ውስጥ የቀረሁት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ በማግስቱ ለቀረጻ የሚሄድ ጥቁር ቀይ የሱፍ ካፖርት በእንፋሎት እተኩስ ነበር። የእጅጌው ጫፍ በአምስት ጥቃቅን ቁልፎች ይያያዛል፤ ቁልፎቹ በዚያው በካፖርቱ ጨርቅ ተሸፍነው አንዱ የሌላውን ጠርዝ እስኪነካ ድረስ ተጠጋግተው ተሰፍተዋል። እንፋሎቱ ሲነካው ሱፉ ይጠቁራል፤ ሲደርቅ ቀስ እያለ መልሶ ይቀላል። ይህን እያየሁ ስልኬን አወጣሁ። ካፖርቱን በሙሉ አላነሣሁም፤ እጅጌውን፣ ቁልፎቹንና የራሴን እጅ ብቻ ነበር። «የማታ ሥራ» የሚል ጽሑፍ ጨምሬ ስቶሪ ላይ ለጠፍኩት። ስቶሪ በ24 ሰዓት ይጠፋል፤ ተከታዮቼም ያኔ 600 አይሞሉም፤ ማን ያየዋል አልኩ።

ቤት ሳልደርስ ነገሩ ስላሳሰበኝ አጠፋሁት፤ ከለጠፍኩት ገና 40 ደቂቃ ነበር። በእነዚያ 40 ደቂቃዎች ግን አንድ የማላውቀው ሰው ስክሪንሾት ወስዶ፣ ያልወጡ ስብስቦችን ወሬ እየለቀመ ለሚያወጣ ትልቅ ገጽ ልኮት ኖሯል። ገጹን የሚከታተሉት ሰዎች ከቁልፎቹ አሰፋፍ ብቻ የማን ሥራ እንደሆነ ለዩ። በማግስቱ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ከመጽሔቱ አዘጋጅ ለአለቃዬ ኢሜይል ደረሳት። ካፖርቱ ለዚያ መጽሔት በኤክስክሉሲቭ ቃል የተገባለት የባለ 4 ገጽ ቀረጻ መክፈቻ ነበር። መጽሔቱ ካፖርቱን ሰረዘው፤ የቀሩትን ልብሶችም ወደ 1 ገጽ አወረዳቸው። የካፖርቱ ዲዛይነርም ውሉ ሲያልቅ ከቢሮው ጋር አላደሰም።

ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ይህን ዛሬም አልክድም። ነገር ግን የኢምባርጎ ቀኖቹ የተመዘገቡበት ሠንጠረዥ በቢሮው ነበረ፤ ለተለማማጆች ግን አይከፈትም ነበር። ምሥጢር እጠብቃለሁ የሚለውን ወረቀት የፈረምኩት በመጀመሪያው ቀን፣ በአንድ እጄ ልብስ የተሰቀለበት ጋሪ እየገፋሁ ነው፤ «እዚህ ጋ፣ እዚህም ጋ» ተባልኩ፣ ፈረምኩ፤ ኮፒም አልሰጡኝም። አለቃዬ በሠራተኛው ሁሉ ፊት ስትቆጣኝ የጠራችኝ ከእኔ በፊት በነበረችው ተለማማጅ ስም ነው፤ እኔም አላረምኳትም። ከዚያ የሰው ኃይል ክፍሉ መታወቂያዬን ለመረከብ ኮሪደር ላይ 3 ሰዓት አስቀመጠኝ። በመጨረሻ እንግዳ ተቀባይዋ ቀና ብላ ሳታየኝ «ፖስታ ውስጥ አድርጊና እዚህ ተዪው» አለችኝ። ፖስታ አልነበራቸውም፤ ወጥቼ ገዝቼ ተመለስኩ። ጥፋቴን ከረሳሁ በኋላ እንኳን ያቺ ፖስታ ታናድደኛለች።

ስለዚህ የሚፈረም ወረቀት ሲሰጥሽ የያዝሽውን አስቀምጪ፣ ቁጭ ብለሽ አንብቢ፣ ኮፒ ጠይቂ። ፊታቸው ቢቀያየር ይቀያየር።

«ዛሬ ሁሉም ነገር በስልክ በቀጥታ እየተላለፈ ኢምባርጎ ምን ይሠራል?» የሚልሽ ሰው አይጠፋም፤ ከእኔ በላይ ከጻፉትም አንዱ እንዲህ ብሏል። አልስማማም። የፋሽን የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያዋ ኤሊኖር ላምበርት እ.ኤ.አ. በ1943 በኒው ዮርክ የፕሬስ ሳምንትን ስታዘጋጅ ያደረገችው፣ ጋዜጠኞች የአሜሪካ ዲዛይነሮችን ሥራ በአንድ ቦታና በአንድ ሰሞን እንዲያዩ መጥራት ነበር፤ የዛሬው የኒው ዮርክ የፋሽን ሳምንት መነሻው እርሱ ነው። ማን፣ ምኑን፣ መቼ እንደሚያይ መወሰን ያኔም የሥራው ግማሽ ነበር፤ ስልክ መጥቶ ይህን አከበደው እንጂ አላስቀረውም። እ.ኤ.አ. በ2022 በፓሪስ የፋሽን ሳምንት የፋሽን ቤቱ ኮፐርኒ በሞዴሏ ቤላ ሐዲድ ገላ ላይ ፈሳሽ እየተረጨ ቀሚስ ሲሆን ያሳየበት ትርኢት በየስልኩ የዞረው፣ ሰው ነገሩን ሲሆን በዓይኑ ስላየው ነው። የዚያ ልምምድ ቅንጭብ ከሳምንት በፊት በአንድ ተለማማጅ ስቶሪ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ምን እንደሚቀረው አስቢው።

4. የግል መልእክትም የግል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2018 የፋሽን ድርጅቱ ዶልቼ ኤንድ ጋባና በሻንግሃይ ሊያቀርበው የነበረው ትርኢት የተሰረዘው፣ ብዙ ቻይናውያንን ያስቆጣው የማስታወቂያ ቪዲዮ ሳያንስ ከዲዛይነሩ የኢንስታግራም አካውንት ተላኩ የተባሉ መልእክቶች በስክሪንሾት ሲዛመቱ ነው። ድርጅቱ አካውንቱ ተጠልፎ ነው ቢልም ትርኢቱ አልዳነም። አንቺም በዲኤም ስለ ደንበኛ፣ ስለ ሞዴል ልክ፣ ስለ መቀመጫ ድልድል የምትጽፊውን ሁሉ አለቃሽ እንደምታነበው አድርገሽ ጻፊ። ደግሞም የምትሠሪለትን ደንበኛ ልብስ በግል ገጽሽ ስታሞግሺ ግንኙነታችሁን በግልጽ ጻፊው፤ ለምሳሌ የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ተቀጣሪነትም ሆነ በነፃ የተሰጠ ዕቃ እንዲገለጽ ይጠይቃል።

ታዲያ ምን ይለጠፍ ካልሽ፣ የወጣ ነገር ይለጠፍ። አስቀድሞ የታተመ ገጽ ከፎቶግራፍ አንሺው፣ ከስታይሊስቱና ከፀጉር ሠሪው ስም ጋር ይለጠፍ፤ ስም የምትጠቅሺላቸው ሰዎች ነገ የምትደውይላቸው ናቸው። አንድ ልብስ ለምን ወሬ እንደሆነ በራስሽ ቃል ጻፊ። ጄኒፈር ሎፔዝ እ.ኤ.አ. በ2000 በግራሚ ሽልማት ላይ የለበሰችውን አረንጓዴ የቬርሳቼ ቀሚስ ሰው ሁሉ በጉግል ሲፈልገው፣ ፍለጋው የሚያወጣው ጽሑፍ ብቻ ስለነበር ነገሩ የምስል ፍለጋ እንዲፈጠር አንዱ ምክንያት መሆኑን የኩባንያው ኃላፊ የነበረው ኤሪክ ሽሚት ጽፏል፤ አገልግሎቱም በ2001 ተጀመረ። እንዲህ ያለውን ነገር አሳጥረሽ፣ ከምንጩ አረጋግጠሽ ብትጽፊ፣ ቀጣሪ ገጽሽን ሲከፍት መጻፍ የምትችል ሰው ያያል። ከመስተዋት ፊት የተነሣ ፎቶግራፍ ይህን አይነግረውም። (የእኔ ገጽ በመስተዋት ፎቶግራፍ የተሞላ ነበር።)

5. ከተባረርሽም ሙያው አያልቅም። እኔ ሌላ ሥራ ለማግኘት 7 ወር ፈጅቶብኛል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቃለ መጠይቆች «የሥራ ልምምዱ አለቀ» ብዬ ዋሸሁ፤ ሁለቱም አልጠሩኝም፤ ሙያው ጠባብ ነው፣ ስልክ ይደዋወላሉ። በሦስተኛው እውነቱን በሦስት ዐረፍተ ነገር ተናገርኩና በቤቴ የሠራሁትን ሠንጠረዥ አወጣሁ። ለእያንዳንዱ ናሙና ቁጥሩ፣ አሁን ያለበት ቦታ፣ ቀድሞ የማውጣት መብት የተሰጠው መጽሔት፣ ኢምባርጎው የሚነሣበት ቀንና ሰዓት በየትኛው አገር ሰዓት እንደሆነ ጭምር፣ በመጨረሻም ለመለጠፍ የሚፈቅደው ሰው ስም ሰፍሮበታል። ሴትዮዋ ወረቀቱን ገልብጣ ጀርባውን ሁሉ ካየች በኋላ «የየት አገር ሰዓት የሚለውን ማን ነገረሽ?» አለችኝ። ማንም አልነገረኝም። በሳምንቱ ጀመርኩ። ያ ሠንጠረዥ ዛሬም ቢሮአችን ውስጥ ይሠራበታል፤ አዲስ ተለማማጅ ሲመጣ በመጀመሪያው ቀን ሠንጠረዡና የፈረመው ወረቀት ኮፒ ይሰጠዋል፤ ይህን ያስጀመርኩት እኔ ነኝ።

ባለፈው ዓመት የቀድሞዋ አለቃዬ ለአንድ ቀረጻ ናሙና እንድንሰጣት ጻፈችልን። ከልብሱ ጋር የሚሄደውን ቅጽ እኔው ላክሁላት፤ መጽሔቱ ከመውጣቱ በፊት ፎቶግራፉ በማንም የግል ገጽ እንዳይለጠፍ የሚለው አንቀጽ በደማቅ ፊደል ተጽፎበታል። ፈርማ መለሰችው። ስሜን አላስታወሰችውም፤ እኔም አላስታወስኳትም።

አሁን ወደ አንቺ ልመለስ። ከስፌት ክፍሉ ያነሣሻቸውን ፎቶግራፎች ዛሬ ማታ አንድ በአንድ ተመልከቻቸው፤ በሃይላይት ያስቀመጥሻቸውን ስቶሪዎች አትርሺ። ገና ያልወጣ ልብስ ጫፉ እንኳን የሚታይባቸውን ለይተሽ ነገ ለዲዛይነሯ አሳዪያት፤ የትኛው ይቆይ፣ የትኛው ይውረድ እርሷ ትወስን። ተቆጥታ ብታስወርድሽ እንኳን፣ እርሷ ከሌላ ሰው ስልክ ከምታያቸው ይሻላል። የእጅጌ ፎቶግራፍ ካለ ከእርሱ ጀምሪ።