ሁለት ባላ፣ አንድ ጉድጓድ፦ ስለ ሳን የተጠየቅኩት

አራት ኪሎ አንድ ካፌ ውስጥ ቅዳሜ ከሰዓት የምንገናኝ የአይቲ ሠራተኞች አለን። አንዱ ይመልሳል፣ ሌላው ይጠይቃል። ባለፈው የመመለሱ ተራ የእኔ ነበር፤ ርዕሱ ደግሞ ሳን፣ ማለትም ሰርቨሮችን ከጋራ ስቶሬጅ ጋር የሚያገናኘው ለብቻው የቆመ ኔትወርክ። ማኪያቶው ሳይመጣ ጥያቄው ተጀመረ።

ጥያቄ፦ ሁለት የፋይበር ቻናል (ለስቶሬጅ የተሠራ ፈጣን የኔትወርክ ዓይነት) ስዊች ገዝተናል። እርስ በርስ በኬብል እናገናኛቸው ወይ?

አታገናኙ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ሲሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ይባላል። ግን ሁለቱንም ባላ አንድ ጉድጓድ ውስጥ ከተከልካቸው ምኑን ሁለት ሆኑ?

ስዊቾቹ ከተገናኙ አንድ ፋብሪክ፣ ማለትም አንድ የስዊች መረብ ይሆናሉ። የዞን ዝርዝራቸውም፣ ማለትም ማን ከማን ጋር እንደሚገናኝ የሚወስነው ዝርዝር፣ አንድ ይሆናል። አንዱ ላይ የተሠራ ስህተት ወዲያው ሌላው ላይ ይገኛል። ይህን የማውቀው ከመጽሐፍ አይደለም። ቀድሞ በሠራሁበት መሥሪያ ቤት አገናኝተናቸው ነበር። አንድ ማታ አንድ ባልደረባችን የቆየ የዞን ዝርዝር በስህተት አነቃ። ከዚያ ወዲህ የተጨመሩት ሰርቨሮች በሙሉ ዲስካቸውን አጡ፣ በሁለቱም ወገን። ስዊቾቹ ግን አረንጓዴ መብራታቸውን አብርተው በሰላም ይሠሩ ነበር።

ስለዚህ ፋብሪክ ኤ ለብቻው፣ ፋብሪክ ቢ ለብቻው። አንዱ ወገን ውስጥ ሁለት ሦስት ስዊች ቢኖር እነሱ ይገናኙ፤ ኤ እና ቢ ግን በምንም አይገናኙ።

ጥያቄ፦ ስቶሬጃችን ሁለት ኮንትሮለር (ዲስኮቹን የሚያዝ ክፍል) አለው። አንዱን ወደ ኤ፣ አንዱን ወደ ቢ ብንሰካ አይበቃም?

አይበቃም ወንድሜ። ስዊች ኤ ሲሞት አንደኛው ኮንትሮለር ደህና ሆኖ ሳለ የሚደርስበት መንገድ ያጣል። በዚያው ሰዓት ሁለተኛው ኮንትሮለር ለእድሳት ከጠፋ አበቃ።

እያንዳንዱ ኮንትሮለር ወደ ሁለቱም ወገን ኬብል ይኑረው። ሰርቨሩም አንድ ፖርት ወደ ኤ፣ አንድ ፖርት ወደ ቢ። በየወገኑ ሁለት መንገድ፣ በድምሩ አራት መንገድ ይሆናል። አራቱን አንድ ዲስክ አድርጎ የሚያሳየው ሰርቨሩ ላይ ያለው የመልቲፓዝ ሶፍትዌር ነው። እሱ ካልተጫነ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ አንዱን ዲስክ አራት ዲስክ አድርጎ ያየዋል፤ ያ ደግሞ ዳታ ሊያበላሽ ይችላል።

ከአራት ኪሎ ሜክሲኮ ለመሄድ አንዱ በፒያሳና በቸርችል፣ ሌላው በካዛንቺስና በመስቀል አደባባይ ሊወርድ ይችላል። ሁለት መንገድ ይመስላል። ሁለቱም ለገሃር ላይ ከተገናኙ ግን የለገሃር መዘጋት ሁለቱንም ያስቀራል። ዲዛይናችሁን ስታዩ ለገሃሩን ፈልጉ። ብዙ ጊዜ ሰርቨሩን ከሳን ጋር የሚያገናኘው ባለሁለት ፖርት የሆነ አንድ ካርድ ነው። ገንዘቡ ካለ ሁለት ካርድ አድርጉት።

ጥያቄ፦ ሁሉንም አንድ ዞን ውስጥ ብንከተው ይሠራል እኮ። ለምን እንደክማለን?

ይሠራል፣ እሱ አይካድም። ችግሩ የሚመጣው አንድ ሰርቨር ሪስታርት ባደረገ ቁጥር ነው። ስዊቹ «ለውጥ አለ» ብሎ ለዞኑ አባላት ሁሉ ይናገራል፤ ካርዱ የታመመ ሰርቨር ካለም ጎረቤቶቹን ይረብሻል። ሰርቨሮች እርስ በርስ መተያየት የለባቸውም።

ደንቡ ቀላል ነው፦ በአንድ ዞን አንድ የሰርቨር ፖርት፣ ከሚፈልጋቸው የስቶሬጅ ፖርቶች ጋር። 12 ሰርቨር ካላችሁ በኤ 12 ዞን፣ በቢ 12 ዞን። አሰልቺ ነው፤ ግን አንዴ ነው የሚሠራው።

ከጠያቂው ጎን የተቀመጠችው ልጅ «ዞን ካለ የስቶሬጁ ላይ ማስኪንግ ለምን?» አለች። ዞን የግቢ በር ነው እህቴ። ማን ወደ የትኛው ግቢ እንደሚገባ ይወስናል። የትኛውን ክፍል፣ ማለትም የትኛውን ዲስክ እንደሚከፍት የሚወስነው ማስኪንጉ ነው። ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

ጥያቄ፦ ዞኑ በስዊች ፖርት ይሁን ወይስ በደብሊውደብሊውፒኤን?

በደብሊውደብሊውፒኤን። ካርዱ ላይ ያለው ባለ 16 አሃዝ መለያ ነው፤ ኬብሉን ወደ ሌላ ፖርት ብታዛውሩት ዞኑ አይፈርስም። ካርድ ስትቀይሩ ግን ቁጥሩም ስለሚቀየር ዞኑንም ማስኪንጉንም ማስተካከል አትርሱ። ለቁጥሩ ሰው የሚያነበው ስም ስጡት። ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ 16 አሃዝ የሚያነጻጽር ሰው ይሳሳታል።

ጥያቄ፦ የዞን ለውጥ ስንሠራ ምን እንጠንቀቅ?

መጀመሪያ ያለውን ዝርዝር ወደ ፋይል አስቀምጡ። ከዚያ ኤ ላይ ብቻ ለውጡን ሥሩ። የሁሉም ሰርቨር መንገዶች እንዳሉ እዩ። ቡና ጠጡ። ከዚያ ቢ። ሁለቱን በአንድ ስክሪፕት በአንድ ጊዜ የሚቀይር ሰው ፋብሪኮቹን መልሶ አንድ አደረጋቸው ማለት ነው።

ጥያቄ፦ 32 ጊጋ (በሰከንድ 32 ጊጋቢት የሚባል ፍጥነት ያለው) ስዊች ልንገዛ ነው። የድሮ 4 ጊጋ ካርድ ያላቸው ሰርቨሮች አሉን።

አይናገሩም። 32 ጊጋ ሞጁል (ኬብሉ የሚሰካበት የስዊቹ ክፍል) ወደ 16 እና ወደ 8 ይወርዳል፣ 4 ላይ አይደርስም። ከመግዛታችሁ በፊት ቁጠሩ።

ጥያቄ፦ ለፋይበር ቻናል በጀት የለንም። አይስካዚ (ስቶሬጅን በተራ የኢተርኔት ኔትወርክ የሚያገናኝ ዘዴ) ይሆናል?

ይሆናል፣ ለብዙ መካከለኛ ቢሮ ይበቃል። ሐሳቡ አንድ ነው፦ ሁለት ስዊች፣ ሁለት የተለያየ ሰብኔት (የአድራሻ ክልል)፣ ከቢሮው ኢንተርኔት ጋር ያልተቀላቀለ። ኤምቲዩን (በአንድ ጊዜ የሚላከውን የዳታ እሽግ መጠን) 9000 ካደረጋችሁ ከሰርቨር እስከ ስቶሬጅ በሙሉ ይሁን፤ ካልሆነ 1500 ላይ ተዉት።

ጥያቄ፦ መብራትስ?

የእኛ ከተማ እውነተኛ ጥያቄ ይኸው ነው። ስዊች ኤ በአንድ ዩፒኤስ፣ ስዊች ቢ በሌላ ዩፒኤስ ይሁን። የሰርቨሩ ሁለት ፓወር ሰፕላይም እንደዚያው ይከፈል። ሁለቱም ስዊች አንድ ማከፋፈያ ላይ ተሰክተው ያየሁበትን ቀን አልረሳም፤ የጽዳት ሠራተኛዋ መጥረጊያ ማሽኗን ለመሰካት አንዷን ሶኬት ብትነቅል ይበቃ ነበር።

ሌላም አለ፣ ሰው አያስበውም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ሙቀት የመሸከም አቅሙ ያንሳል። የብዙ ሰርቨር ዕቃ ማኑዋል ከ900 ሜትር በላይ በየ300 ሜትሩ የሚፈቀደው ከፍተኛ ሙቀት በ1 ዲግሪ እንደሚቀንስ ይጽፋል። ማኑዋሉ 35 ዲግሪ ይላል ብላችሁ አትዝናኑ፤ እኛ ጋ 30 ገደማ ነው።

ጥያቄ፦ መሥራቱን በምን እናውቃለን?

ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት ኬብል ንቀሉ። ቀጥሎ ስዊች ኤን በሙሉ አጥፉ፣ መልሱ፣ መንገዶቹ አራት መሆናቸውን አረጋግጡ፣ ከዚያ ቢን አጥፉ። ሥራ ላይ ያለ ሲስተም ከሆነ ግን ከመንቀል በፊት ቁጠሩ። ሁለት መንገድ ብቻ የሚያሳይ ሰርቨር ካለ እጃችሁን ሰብስቡ።

ይህን ስል አንዱ ስልኩን አንስቶ ቢሮ ላለ ጓደኛው ደወለና አስቆጠረ። ከዘጠኝ ሰርቨር ሰባቱ ደህና ናቸው። ሁለቱ የቢ ወገን የላቸውም። መቼ እንደጠፋ የሚያውቅ የለም። ማኪያቶውን ሳይጨርስ ተነስቶ ሄደ፤ ሂሳቡን እኔ ከፈልኩ።